በእጅ የምትነዳ ፊያት

ጎንደር፣ ቀሐ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ፣ ለአባ ኪዳነ ማርያም፤

እንዴት ሰነበቱልኝ? የመካነ ብርሃን ብርድ ጉልበትዎን እንዴት አደረገው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ስፌቱም ደኅና ነው።

በሾፌሩ በጌቾ አውቶቡስ የላኩት ደብዳቤ ደረሰኝ። «ወንድምሽ አምሐ ማኪናዋን እየነካካች ነው ይለኛል፤ እውነት ነው ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። እውነት ነው። ሸራዋን ገፍፌያለሁ። ኮፈኗን ከፍቼ የአይጥ ጎጆ አውጥቻለሁ። ገብቼም መሪዋን ይዤ ተቀምጫለሁ።

ወንድሜ ሌላውን የነገረዎ ግን አይመስለኝም። ባለፈው ሰሞን ከባሕር ዳር አንድ ሰውዬ ይዞ መጣ። ሰውዬው ሆቴል እያሠራ ነው። ማኪናዋን ዞሮ ዞሮ አየና «ሞተሩን አውጥተን እንግዳ መቀበያው ላይ እናቆማታለን፤ ሰው ፎቶ ይነሳባታል» አለ። ያቺን ጎንደር ሁሉ በዓለም ስምዎ «የሰውአገኝ ፊያት» የሚላትን፣ እርስዎ ስንት ሙሽራ ያመላለሱባትን! አምሐን ወደ ጓዳ ጠርቼ ተቆጣሁት።

«ታዲያ ምን ላድርጋት?» አለኝ። «አባባ መንኩሷል። እኔ ባሕር ዳር ነኝ። የሚነዳት የለ።»

«እኔ እነዳታለሁ» አልኩት።

አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። ዓይኑ ብቻ ወደ ቀኝ እግሬ ወረደና ተመለሰ።

አባቴ፣ ይህን እግር በሕፃንነቴ ልምሻ ከመታው ጀምሮ ሰው ሁሉ የሚመልስልኝ እሱን እያየ ነው። ልብስ ላሰፋ ብሎ የመጣ ሰው እንኳ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። አሁን ሰለቸኝ።

አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። መሪዋ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ትናንሽ ማንሻዎች አሉ። ቤንዚን የሚሰጠው የትኛው ነው?

በጸሎትዎ አይርሱኝ።
ልጅዎ የትነበርሽ


በስመ ሥላሴ

ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለየትነበርሽ፤ ሰላመ እግዚአብሔር የሀሉ ምስሌኪ።

ስለ ጉልበቴ ጠይቀሽኛል። ቆሞ ማስቀደሱን ችሏል፣ ተመስገን። የላክሽልኝ ጋቢ ሸጋ ነው። ለአንድ ሽማግሌ አባት ሰጥቸዋለሁ፤ አትቀየሚኝ፤ እሳቸው ከእኔ ይብሳሉ።

ስለ ሌላው ጉዳይ ግን አልመልስልሽም። ቆብ የደፋ ሰው ለዓለም ሙት ነው። ሙት ስለ ማኪና አይጠየቅም። አምሐም መስከረም ላይ እዚህ ድረስ ወጥቶ ጠይቆኝ ነበር። የመለስሁለትን እሱ ያውቀዋል።

እንደ አባት ከጠየቅሽኝ ደግሞ፣ እንዳትነጂ። ከፒያሳ ወደ ቀሐ የሚወርደውን መንገድ ታውቂዋለሽ። ያን ቁልቁለት ሁለት እግር ያለውም ይፈራዋል። ምነው ልጄ፣ ሸጋ የሙሽራ ቀሚስ እየሰፋሽ፣ እጅሽ እንጀራሽ ሆኖ ሳለ፣ ይህ እልህ ከየት መጣብሽ? ሸራዋን መልሰሽ አልብሻት።

ባትሪዋን በባዶ ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጪው። ጣውላ አንጥፊለት።

ሁላችሁንም አምላከ ኪዳነ ምሕረት ይጠብቃችሁ።
አባ ኪዳነ ማርያም


ጎንደር
ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰዎ። ጽሕፈቱ የኤልሳ ነው፤ ፒያሳ አንድ ክፍል ተከራይተን አብራኝ የምትሰፋው። የጥምቀት ልብስ ስለ በዛብኝ እኔ እየነገርኳት እሷ ትጽፍልኛለች።

በጌቾ አፍ «ተነሳች ወይስ አልተነሳችም?» ብለው አስጠይቀውኛል። አባቴ፣ ሙት ስለ ባትሪ ይጽፋል እንዴ? ሙት ማኪና ተነሳች ወይ ብሎ ሾፌር ይልካል? ስቄ ሞቻለሁ።

ጣውላውን አነጠፍኩለት፤ ባትሪው ግን ከነጭራሹ አልሞላም አለ። ማኪናዋ ግን ተነስታለች! ቤንዚን የሚሰጠውም ቀኝ ያለው ማንሻ ነው። እርስዎ ባይነግሩኝ ሞተሩ ነገረኝ። ወደ ታች ስስበው ግቢው ተናወጠ፤ ጎረቤታችን እትዬ አምሳል «ምድር ተንቀጠቀጠ» ብለው በነጠላ ወጡ።

ከዚህ በፊት መንዳት ማሠልጠኛ ሄጄ እንደነበር አልነገርኩዎትም። አስተማሪው ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ሰጠኝ። «ቀኝ እግርሽ ፔዳል ይረግጣል?» አለኝ። አይረግጥም አልኩት። «እንግዲህ እኅቴ፣ ቤንዚን በጸሎት አይሰጥ» አለኝ። ለእሱ ማኪናዎች እውነቱን ነው። ቤንዚን በእጅ የምትቀበል ማኪና ቤቴ እንዳለች አያውቅም። እኔም አልነገርኩትም፤ አንድ ቀን ያያታል ብዬ ተውኩት።

ከጋራዧ እስከ አጥሩ በር ነድቻታለሁ። ወደ ኋላም መልሻታለሁ። የተጎዳ ነገር ቢኖር የአጥሩ ቆርቆሮ ነው፤ እሱም ቢሆን ድሮም ያዘነበለ ነበር።

ግራ ያለው ማንሻ ግን ምን ይሠራል? እባክዎን ይህን ብቻ ይመልሱልኝ። ቶሎ ቢሆን ጥሩ ነው።

የትነበርሽ


ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣ እጅሽን ምን ሆንሽ?

የጥምቀት ልብስ በዛብኝ ብለሻል። ከደብዳቤው ግርጌ ግን ስምሽን ራስሽ ጽፈሻል፤ የሕፃን ጽሕፈት ነው። በግራ እጅሽ ነው የጻፍሽው። ባትሪው አልሞላ ካለ ደግሞ ማኪናዋን ያስነሳሽው ከፊት በሚገባው ብረት ነው። በአንድ እግር ቆመሽ አዞርሽው?

ግራው ማንሻ እሳቱን ያስቀድማል፣ ያዘገያል። ብረቱን ከማዞርሽ በፊት እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ትመልሽዋለሽ። ካልመለስሽው ሞተሩ ብረቱን በኃይል ወደ ኋላ ይመታዋል። ስትይዥውም አውራ ጣትሽን ከአራቱ ጋር አንድ ወገን አድርጊው እንጂ አትጨብጭው። ከተነሳች በኋላ ማንሻውን ቀስ እያልሽ ወደ ታች ታወርጅዋለሽ፤ ድምፅዋ ሲለሰልስ እዚያ ላይ ትተይዋለሽ።

የትኛው እጅ ነው? ማን አየልሽ? ስፌትስ ትችያለሽ? መንገዱ ሰሞኑን ይዘጋል ይላሉ፤ ጌቾ መልስሽን ሳይዝ እንዳይመጣ ነግሬዋለሁ።

አባትሽ


የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ፤

አሁንም በኤልሳ እጅ ነው። ይቅር ይበሉኝ፣ እንዳይጨነቁ ብዬ ነበር። ቀኝ እጄ ነው፤ አንጓው ላይ ተሰብሯል። ወጌሻው አስሮልኛል፤ «ለፋሲካ መርፌ ትይዣለሽ» ብሎኛል። እስከዚያ ኤልሳ ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች፤ እኔ እለካለሁ፣ ከደንበኛ ጋር እከራከራለሁ።

የሆነውን ሁሉ ልንገርዎ። አምሐ ሰምቶ በማግሥቱ ከባሕር ዳር ደረሰ። ሲያየኝ አለቀሰ፤ ወንድሜ ክፉ አይደለም። እንባውን ጠርጎ ግን «አሁንስ በቃሽ?» አለኝ።

«አልበቃኝም።»

«ነገ አንገትሽን ብትሰብሪ እኔ ለአባባ ምን እለዋለሁ?»

«እየነዳች ነበር በለው።»

በሩን በርግዶት ወጣ። «ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ የጭነት መኪና ይዤ መጥቼ እወስዳታለሁ፤ አባባም ቃሉን ሰጥቶኛል» ብሏል። ምን ቃል እንደ ሰጡት አልጠየቅኩትም። እርስዎን ልጠይቅ እንጂ።

«እልሁ ከየት መጣ?» ብለው ነበር፤ ያኔ አልመለስኩልዎትም። ከቀሐ ፒያሳ በየቀኑ በባጃጅ ነው የምሄደው። ሾፌሮቹ ክራንቼን ከሩቅ ያዩና ዓይናቸውን መልሰው ያልፉኛል፤ መሳፈሬ ጊዜ ይፈጃላ። የቆመልኝ ደግሞ ሳልጠይቀው በብብቴ ገብቶ እንደ ጆንያ ያነሳኛል። መልካም ሥራ የሠራ ይመስለዋል። አመሰግናለሁ እላለሁ። አባቴ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ሳልፈልግ አመሰግናለሁ እላለሁ።

በዚያች ፊያት ውስጥ ግን ማንም አላነሳኝም። ራሴ ገባሁ፣ ራሴ ቤንዚን ሰጠሁ፣ ሄደች። ከአጥር እስከ ጋራዥ ቢሆንም ሄደች። በዓለም ላይ ካለው ማኪና ሁሉ ለእኔ እግር የተሠራችው እሷ ብቻ ናት፤ እሷን ነው ሞተሯን አውጥተው ፎቶ መነሻ ሊያደርጓት የሚፈልጉ።

ለሙሽሮች ቀሚሱን እሰፋላቸው የለም ወይ? ሙሽሮቹንም እኔው እወስዳቸዋለሁ።

ስለዚህ ያስተምሩኛል ወይስ እንደ ማንሻው በስብራት እየተማርኩ ልቀጥል?

የትነበርሽ


መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለየትነበርሽ፤ ሰላመ እግዚአብሔር የሀሉ ምስሌኪ።

መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ ደብዳቤሽ የደረሰኝ በጾሙ እኩሌታ ነው። ሁለት ቀን በደረቴ ይዠው ዋልሁ። በሦስተኛው ቀን ብዕር ሳነሳ የገዳሙ አበ ምኔት ደረሱብኝ።

«አባ ኪዳነ ማርያም፣ ምን ትጽፋለህ?»

«ስለ ፍሬን ነው አባታችን» አልኋቸው። መዋሸት አልቻልሁም።

«ፍሬን ምንድን ነው?»

«ማኪና የሚያቆም ነው። ልጄ መንዳት ጀምራለች። ተይ ብላት እንቢ አለች።»

«እንግዲያማ የሚያቆመውን ጻፍላት» ብለውኝ ሄዱ። ይኸው እጽፍልሻለሁ።

መጀመሪያ ግን የምጽፍልሽን እንድታምኝ አንድ ነገር ልንገርሽ። ያለ ቀኝ እግር እንዴት እንደሚነዳ እኔም አላውቀውም ነበር። ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁና ቀኝ እግሬን በመታጠቂያዬ ከድንጋዩ ጋር አሰርሁት። ከፊቴ ሁለት ጠጠር በፔዳል ፋንታ አኖርሁ፣ የወንፊት ክብ በመሪ ፋንታ ያዝሁ። ስንት ጊዜ እንደ ተጋጨሁ አትጠይቂኝ። አንድ አባት አይተውኝ «አባ ኪዳነ ማርያም ታመመ» ብለው ጠበል ይዘው መጡ። ጠበሉን ጠጥቸ ቀጠልሁ። ኋላ ግን መጣልኝ።

ሚስጥሩ ግራ እግርሽ ነው። እሱ ሁለት ጌታ አለበት፤ ሞተሩን ከጎማው የሚለየው ፍሪሲዮንና የሚያቆመው ፍሬን። ሁለቱ በአንድ ጊዜ እንዳይጠሩት ማድረግ ነው ሥራሽ። ልትቆሚ ስትይ መጀመሪያ ቤንዚኑን በጣትሽ ትዘጊዋለሽ። ቀጥሎ ፍሪሲዮን ረግጠሽ ማርሹን ባዶ ታደርጊዋለሽ። አሁን ፍሪሲዮኑ ሥራ የለውም፤ እግርሽ ነጻ ነው፤ ወደ ፍሬኑ ውሰጅው።

ቁልቁለት ስትወርጅ ከአናቱ ላይ ሳለሽ በአንደኛ ማርሽ አስገቢያት። ማርሹ ራሱ ይይዛታል። እስከ ታች ፍሪሲዮን አትንኪ፤ ግራ እግርሽ የፍሬን ብቻ ይሁን፣ ቀኝ እጅሽ ከእጅ ፍሬኑ አይራቅ። መሐል ላይ ማርሽ ልቀይር ብትይ ግን አለቀልሽ፤ ትሮጥብሻለች።

ማርሽ ስታወርጅ ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ ነው። ረግጠሽ ባዶ ታደርጊያለሽ፤ ትለቂያለሽ፤ በጣትሽ ትንሽ ቤንዚን ታቀምሻታለሽ፤ እንደ ገና ረግጠሽ ታስገቢያለሽ። ካልገባ አታስገድጃት።

ዳገት ላይ ቆሞ ለመነሳት ሁለት እግር ያለው ሰው ይቸገራል፤ ሦስት ነገር በሁለት እግር ነውና። አንቺ ቤንዚኑ በጣትሽ ነው፣ ፍሬኑ በእጅሽ ነው፣ ፍሪሲዮኑ በእግርሽ ነው። ይህን ስረዳ ድንጋዩ ላይ ሳቅሁ። በዳገት ከእኔ ትበልጫለሽ።

ለአምሐ የሰጠሁትን ቃል ጠይቀሻል። «የሚነዳት ሰው ከጠፋ ውሰዳት» ነው ያልሁት። ቃሌ ቃል ነው፤ ምን ማለት እንደ ሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። እጅሽ ሳይድን ግን እንዳትሞክሪ። ብረቱን ኤልሳ ታዙርልሽ።

አባትሽ


ጎንደር፣ ፒያሳ
ሚያዝያ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ፤

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰዎ። ጽሕፈቱ የራሴ ነው፤ ይመልከቱት፣ እጄ ድኗል!

«አምሐ መጥቶ ምን አለ? ማኪናዋስ የት ናት?» ብለው ጠይቀዋል። ከኋላው ልጀምር። ማኪናዋ የትራፊክ ፖሊስ ግቢ ውስጥ ናት። አይደንግጡ፤ ይጨርሱት።

አምሐ ሆቴል የሚያሠራውን ሰውዬና የጭነት መኪና ይዞ ሲደርስ ጋራዧን ባዶ አገኛት። እኔ በማለዳ፣ መንገዱ ሳይሞላ፣ ኤልሳ ብረቱን አዙራልኝ ዳገቱን ወጥቼ ፒያሳ ከስፌት ቤቱ ፊት ለፊት አቁሜያታለሁ። ሞተሯ አንዴም አልጠፋብኝም። የቡና ቤቱ ሰዎች ስኒያቸውን እንደያዙ ወጡ። አንድ ሽማግሌ «ሰውአገኝ ተመለሰ እንዴ?» አሉ። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ «ልጁ ነኝ» አልኳቸው።

አምሐ እየሮጠ መጣ። «ማን ነዳልሽ?» አለኝ።

«ክራንቼ ኋላ ወንበር ላይ ነው። እኔ መሪው ላይ ነኝ። ሌላ ሰው ይታይሃል?»

ያን ጊዜ ትራፊኩ ደረሰ። መንጃ ፈቃድ ጠየቀኝ። የለኝም አልኩት። «ውረጂ!» አለ።

«አልወርድም» አልኩት። «እኔን የሚፈትነኝ ቢሮ የቱ እንደ ሆነ እስኪነገረኝ ድረስ አልወርድም። ማሠልጠኛው እግርሽ አይሆንም አለኝ። እግሬ የሚሆንላት ማኪና ይኸው ይዤ መጣሁ። ማን ነው የሚፈትነኝ?»

ሰው ከበበን። ትራፊኩ ላቡን ጠረገና «ባለቤቷ ማን ነው?» ብሎ ዞረ። ባለሆቴሉ ሰውዬም ተከትሎት ኖሮ የአምሐን እጅጌ ይጎትታል። አባቴ፣ አምሐ እዚያ ላይ አንድ ቃል ብቻ ቢናገር ማኪናዋ ባሕር ዳር ነበረች።

አምሐ ማኪናዋን አየ፣ እኔን አየ። እግሬን አላየም። «የአባታችን ቃል የሚነዳት ከጠፋ ነው» አለ። «አልጠፋም። የእሷ ናት።» ወዲያው ወደ እኔ ዞሮ ጮኸብኝ፦ «መንጃ ፈቃድ እንደሌለሽ ግን አልነገርሽኝም! ቅጣቱን ራስሽ ቻይው!»

ወደ ፖሊስ ግቢ ልትወሰድ ሆነ። አንድ የትራፊኩ ባልደረባ ገባና ሊነዳት ሞከረ፤ ማርሹ እንደ ወፍጮ ጮኸበት። «ይቅርብኝ» ብሎ ወረደ። በመጨረሻ ትራፊኩ አጠገቤ ተቀመጠና «በይ አንቺው ንጃት፤ ቀስ ብለሽ» አለኝ። ተይዤ የሄድኩት እየነዳሁ ነው። ሰዉ ያጨበጭብ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ቢሮው ደጃፍ ነኝ። እንዲህ ያለ ማኪና ላይ ፈትነን አናውቅም ይሉኛል። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ዘርፍ እሰፋለሁ። ሲገቡም ሲወጡም ያገኙኛል።

የትነበርሽ


ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ፤

«ተስፋ ከቆረጥሽ አልቀየምሽም» ብለው ጽፈውልኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አልቆረጥኩም።

ፈተኑኝ! የቢሮው ኃላፊ እኅት ስታገባ ቀሚሷን የሰፋሁት እኔ ነኝና እሷ ነች የጮኸችልኝ ይላሉ። ይሁን። ፈታኙ ወደ አዘዞ መንገድ ይዞኝ ወጣ። እጁን ዳሽቦርዱ ላይ ተክሎ ነበር። ዳገት ላይ አስቆመኝና «አሁን ተነሺ፤ ወደ ኋላ እንዳትንሸራተት» አለኝ። በጣቴ ቤንዚን ሰጠሁ፣ ፍሪሲዮኑን እስኪይዝ ለቀቅኩ፣ የእጅ ፍሬኑን አወረድኩ። አንዲት ጠጠር እንኳ ከጎማዋ ሥር አልተንከባለለችም። «እስቲ ድገሚው» አለኝ፤ ማየት ፈልጎ እንጂ ለፈተናው አልነበረም።

ከወረድን በኋላ «በሌላ ማኪና ግን አልፈርምልሽም» አለኝ።

«ሌላ ማኪና ማን ጠየቀዎ?» አልኩት።

መንጃ ፈቃዱ ላይ «ይህችን ማኪና ብቻ» ተብሎ ተጽፎበታል። አምሐ ባትሪ ገዝቶ ላከልኝ። ለባለፈው እሑድ ሠርግ ቀሚስ የሰፋሁላት ሙሽራ የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ሆናለች፤ ከነቬሏ በመስኮት ወጥታ ስትጮህ ነው የሄድነው።

አሁን ደግሞ ይስሙኝ። እስከ ደባርቅ አስፋልት ነው። ከሰኔ ሚካኤል ማግሥት፣ ዝናቡ ሳይከር፣ ደባርቅ እደርሳለሁ። አበ ምኔቱን ያስፈቅዱና ይውረዱ። አይሆንም ብለው ቢጽፉልኝ ደብዳቤው ሳይደርሰኝ ወጥቻለሁ።

የትነበርሽ


ሰኔ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለየትነበርሽ፤ ሰላመ እግዚአብሔር የሀሉ ምስሌኪ።

በደኅና መግባትሽን ጌቾ ነገረኝ፤ ተመስገን። አበ ምኔቱም «ቆመች?» ብለው ጠየቁኝ። በፈለገችበት ትቆማለች፣ በፈለገችበት ትሄዳለች አልኋቸው።

አንቺ ደግሞ «አጠገቤ ተቀምጠው ሳለ ፈርተው ነበር ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ፊትዎ ተለዋውጦ ነበር ብለሻል።

ፈርቸ ነበር። ከደባርቅ ወደ ዳባት ይዘሽኝ ስትወርጅ፣ ያ ጠመዝማዛው ጋ ስንደርስ፣ እጄ ሳላውቀው ሄዶ የእጅ ፍሬኑን ያዘ። አንቺ ዓይንሽን ከመንገዱ ሳታነሺ «አባቴ፣ እጅዎን ከፍሬኑ ላይ ያንሱልኝ። እኔ እፈልገዋለሁ» አልሽኝ። የቁጣ ድምፅ አልነበረም። ሥራ ላይ ያለ ሰው ድምፅ ነው። እኔም ለረዳቶቸ እንዲያ ነበር የምናገር።

አነሳሁት። በሌላው እጄ ይዠ ጉልበቴ ላይ አኖርሁት። አንቺ በአንደኛ ማርሽ ይዘሻት ወረድሽ። ታች ድልድዩን ስንሻገር እጄን ለቀቅሁት።

ከዚያ ወዲያ መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ። በዚያ መንገድ ዘመኔን ሙሉ ነድቸበታለሁ፤ የማውቀው አስፋልቱን ብቻ ነበር። ግራና ቀኝ የታረሰው ማሳ፣ በሬ የሚነዱት ሰዎች፣ ከሩቅ የሰሜን ተራራ በጉም ተከፍሎ፤ ይህን ሁሉ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናው።
አባትሽ